የማክሰኞው ኮርስ

ፕኒና ሁለት ወረቀት በኪሷ ይዛ መዞር ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። አንደኛው ሰማያዊ ነው፤ የውሻና የድመት ጠባይ የሚያስተምር አጭር ኮርስ፣ እዚሁ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ስምንት ማክሰኞ ብቻ። ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፤ ትምህርቱ ያው፣ ግን ስድስት ወር፣ ወደ ሰሜን፣ ሐይፋ አጠገብ፣ እዚያው እያደሩ። ኪስ ውስጥ ሲተሻሹ የሁለቱም ጠርዝ አልቋል። "ሰው ባል ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አያመነታም" ብትሏት ስቃ ታልፋችኋለች። ሳቋን ግን አትመኑት፤ የወረቀቶቹ ጉዳይና የባሉ ጉዳይ አንድ ስለሆነባት ነው የተቸገረችው።

ከሥሩ ላምጣላችሁ። ፕኒና ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሽኩና ጊሜል በሚሉት ሰፈር፣ ሊፍት ከሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእናት ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት በባቡር ለሃቪም ወደምትባል የባለጸጎች መንደር ትሄዳለች። እዚያ ባለቤቶቻቸው ሲጓዙ ውሾችና ድመቶች የሚቆዩበት ቤት አለ፤ "ፔንስዮን" ይሉታል። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታንሸራሽራለች። አባቷ አባባ ጓንጉል ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ኩሩ ሰው ናቸው። ልጅዎ የት ትሠራለች ብሎ የጠየቃቸውን ሁሉ "የከብት ሐኪም ቤት" ይሉታል። ውሻ የሚለውን ቃል ካፋቸው ማውጣት ይከብዳቸዋል።

የፔንስዮኑ ባለቤት ሪናት ግን አንድ ቀን "አንቺ እጅ ላይ የማይረጋ ውሻ አላየሁም። የጎደለሽ ወረቀት ብቻ ነው፤ ኮርስ ውሰጂና አሠልጣኝ አደርግሻለሁ" አለቻት። አጭሩም ይበቃል፣ ረጅሙም ይበቃል፣ ምርጫው ያንቺ ነው አለቻት። እንግዲህ ጣጣው የመጣው "ምርጫው ያንቺ ነው" ካለቻት በኋላ ነው። ምክንያቱም በመካከሉ ኤቪያታር አለ።

ኤቪያታር የለሃቪም ልጅ ነው። አባቱ ዘርዑ በልጅነቱ ከአገር ቤት በሱዳን በኩል መጥቶ፣ ተምሮ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ግቢ ያለው ቤት የሠራ ሰው ነው። ልጁም እንደ አባቱ መሐንዲስ ወጣ። ቤታቸው ትግርኛና ዕብራይስጥ ስለሆነ የኤቪያታር አማርኛ እንደተሰበረ ወንበር ነው፤ ይቆማል፣ ግን አትደገፉበትም። ፕኒና አንድ ጊዜ በአጥሩ ላይ አሻግራ አይታ "የናቱ አበባ የተተከለበት ቦታ ብቻውን ከኛ ሳሎን ይሰፋል" ብላ ለራሷ ተናግራለች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አጥር በኩል አታልፍም።

ሥራ ሲሄድ ፔንስዮኑ የሚያቆየው ውሻ አለው፤ ስሙ ሳባ ነው። በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ከመንገድ ዳር ሲያነሣው ገና ያኔ ፂሙ ከነቅንድቡ የሸበተ ስለነበር ነው ይህ ስም የወጣለት። ታዲያ ሳባ ሰው በቀረበው ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ፕኒና ግን የመጀመሪያ ቀን መሬት ላይ ጎኗን ሰጥታው ቁጭ አለች። አላየችውም፣ አልጠራችውም። ዓይኗን ሰብራ ጠበቀች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ያ ትልቅ ጥቁር ውሻ መጥቶ አገጩን ጉልበቷ ላይ ጣለ።

"ይህን ማን አስተማረሽ?" አለ ኤቪያታር ተገርሞ።

"ማንም። ቤታችን እንዲህ ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ለዓይን አይተያዩም።"

እሱም፣ "ለዚህ ነው እኔንም የማታዪኝ?" አላት።

ፊቷ ጋለ። "አንተማ ምን ትልቅ ነህ!" ብላ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። ባልዲው ባዶ ነበር፤ ይህን ያወቀችው ቧንቧው ጋ ስትደርስ ነው።

ሰማያዊውን ወረቀት ያመጣላት እሱ ነው። "አብረን ብንማርስ? ለሳባ ብዬ ነው" አለ። እንግዲህ "ለሳባ ብዬ ነው" የምትለዋ ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባት ቀረች። ለውሻው ነው ወይስ ለእኔ? ፕኒና ከዚህ ዓለም ማወቅ የፈለገችው ይህቺኑ አንዲት ነገር ብቻ ነው። ለውሻው ከሆነ፣ ስምንት ማክሰኞ አጠገቡ ተቀምጣ በከንቱ ከምትቃጠል ሰሜን ብትሄድ ይሻላታል። ለእኔ ነው ወይ ብላ እንዳትጠይቅ ደግሞ የጓንጉል ልጅ ናት፤ ሴት ልጅ ይህን አትጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት ይባስ ብሎ አንድ ነገር አየች። ዝናብ ጥሎ ኤቪያታር እስከ ባቡር ጣቢያ በመኪናው አደረሳት። የሳባን ብስኩት ልታወጣ የመኪናውን መሳቢያ ስትከፍት የእሷን የመሰለ ሌላ ሰማያዊ ወረቀት ተጣጥፎ አገኘች። ጀርባው በእጅ ጽሑፍ ሞልቷል። ከላይ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ "ንግሥቲ፣ ሐሙስ" ይላል።

"ንግሥቲ ማናት?"

ወረቀቱን ከእጇ መንጭቆ ኪሱ ከተተው። እስከ ጆሮው ደም መሰለ። "ማንም። ዝም ብሎ ነው።"

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ቀድሞ እየወጣ ቤር ሼቫ እንደሚሄድ ታውቃለች። "ጉዳይ አለኝ" ይል ነበር። እነሆ ጉዳዩ ስም አለው፤ ያውም የሴት ስም። ያን ዕለት ባቡሩ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ቤቷ አለቀሰች።

ዛሬም ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ ኤቪያታር ሳባን ሊወስድ ሲመጣ የፔንስዮኑ አጥር ጋ ጠበቃት።

"ወሰንሽ?"

"ወሰንሁ። አረንጓዴውን።"

"ሰሜን?" አለ። "ስድስት ወር?"

"ምን አለበት? ሳባን እንደሆን የሚይዝልህ አታጣም። ንግሥቲ ትይዝልህ።"

አፉን ከፈተ። አማርኛውም ዕብራይስጡም ትግርኛውም እኩል ጠፉበት። "ፕኒና፣ ሬጋ፣ ሬጋ…" እያለ፣ ቆይ ቆይ ማለቱ ነው፣ እጁን ሲዘረጋ እሷ ቦርሳዋን አንግታ ወጥታ ነበር። ወደኋላ ዞራ ብታይ እግሯ እንደማይታዘዛት ስላወቀች አልዞረችም።

---

በዚያው ሰዓት ጊሜል ቤታቸው ውስጥ ምን እንደሆነ ፕኒና የሰማችው ኋላ ከእናቷ አፍ ነው። እኔ ግን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም።

እናቷ እማማ ሸዋወርቅ ልብስ ሲያጥቡ፣ ማጠቢያው እየተንቀጠቀጠ ሲጮህ ስልክ ተደወለ። ኮርሱን የሚሰጠው ቦታ ጸሐፊ ናት። ኤቪያታር ፎርሙን ሲሞላ፣ ልምምዱ በጥንድ ስለሆነ፣ "አብሮዎት የሚሠራው ማን ነው?" በሚለው ላይ የፕኒናን ስም ጽፎ ኖሯል። የእጅ ስልኳን ቁጥር ስለማያውቅ ሪናትን ሲጠይቅ፣ ሪናት የሰጠችው የቤቱን ስልክ ነው። ስሟን እንደጻፈ ለፕኒና አልነገራትም፤ ሊነግራት ነበር፣ አልሆነለትም። ጸሐፊዋ የምትደውለው ፕኒና መስማማቷን ለማረጋገጥ ነው።

ጸሐፊዋ በዕብራይስጥ ያለችው ይህን ነው፦ ፕኒናና ኤቪያታር እንደ ዙግ ተመዝግበዋል፣ ጥንድ ማለቷ ነው፤ ለክላቪም ለሐቱሊም ኮርስ፣ ለውሻና ለድመት፤ የሚጀምረውም ማክሰኞ ነው፤ ትስማማለች ወይ?

እማማ ሸዋወርቅ በማጠቢያው ጩኸት መካከል የሰሙት ግን ይህን ነው፦ ፕኒናና ኤቪያታር፣ ዙግ፤ ባልና ሚስትንም ይሉበታል። ካላ፣ ማለት ሙሽራ። ሐቱና፣ ማለት ሠርግ። ማክሰኞ። ትስማማለች ወይ?

ማክሰኞ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ለሠርጉ የሚመርጠው የተባረከ ቀን ነው። ጥርጣሬ የሚባል ነገር ለእማማ ሸዋወርቅ በየት በኩል ይግባ?

"ኧረ ጉዴ ፈላ! ኧረ የልጄ ጉድ!" ብለው ማጠቢያውን እንኳ ሳያጠፉ ወደ ባላቸው ሮጡ። አባባ ጓንጉል ሰምተው ሲያበቁ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሽማግሌ ሳይላክ?" አሉ። "ዘር ሳይቆጠር? ማክሰኞ?" ከዚያ ተነሥተው ፂማቸውን ተላጩ፣ የበዓል ኮታቸውን ለበሱ፣ ሽኩና ሄ ለሚኖሩት ለታላቅ ወንድማቸው ለአባባ ፋንታሁን ደወሉ።

አባባ ፋንታሁን በወገናቸው ዘንድ ዘር ቆጣሪ ናቸው። እንደ ወጋቸው ወንድና ሴት እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከሆኑ አይጋቡም፤ ሰባት ቤት ድረስ የማንን አባት ማን እንደወለደው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ፕኒና ባቡር ላይ እንባዋን ስትጠርግ፣ እሳቸው በከዘራቸው እየተደገፉ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ነበር።

---

ፕኒና በሩን ስትከፍት አባቷ በኮት፣ አባባ ፋንታሁን በነጠላ፣ እናቷ ቀይ ዓይን ይዘው አገኘቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ማንም ያልነካው ቆሎ ነበር።

"ምን ሆናችሁ? ሰው ሞተ?"

"ሞቱንስ ያርቅልን! ተቀመጪ" አሉ እናቷ። "ይህን ያህል ጊዜ እኛ ምንሽ ነበርን፣ ልጄ? ከስልክ መስማት ነበረብን?"

ፕኒና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የሰሜኑን ኮርስ ሪናት ደውላ የነገረቻቸው መሰላት። "እማ፣ ልነግራችሁ ነበር። ደግሞም ስድስት ወር ብቻ ነው።"

"ስድስት ወር!" እማማ ሸዋወርቅ ደረታቸውን ያዙ። "ስድስት ወር ብቻ? ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወረቀቴን ይዤ እመለሳለሁ።"

"የፍቺ ወረቀት! ሰማህ ጓንጉል? ገና ሳትገባ መውጫዋን ቆርጣለች!"

"የምን ፍቺ ነው?" ስትል የታችኛው በር ደወል ጮኸ። እማማ ሸዋወርቅ ተስፈንጥረው የግድግዳውን ስልክ አነሡ። የሚወጣው ድምፅ ለሁሉም ይሰማል።

"ሻሎም፣ እማማ። ኤቪያታር ነኝ። ይቅርታ፣ ቤቱን ሪናት ነግራኝ ሳልጠራ መጣሁ። ሳባም አብሮኝ ነው።"

ፕኒና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። እናቷ ግን የታችኛውን በር ከፍተው ፊታቸው በርቶ ዞሩ። "አያቱን ይዞ መጥቷል! ወጉን አልሳተም፣ ሽማግሌ ይዞ ነው የመጣ!"

"አራተኛ ፎቅ? አዛውንት ሰው በደረጃ?" አባባ ጓንጉል ደነገጡ። "ትራስ አምጡ! ውኃ አምጡ!"

"አባ፣ ሳባ እኮ…"

"ዝም በይ አንቺ!"

ከደረጃው ዝግ ያለ ኮቴና የደከመ ትንፋሽ ይሰማል። እህ፣ እህ፣ እህ። "ምስኪን ሽማግሌ፣ ትንፋሹ አለቀ" አሉ እማማ ሸዋወርቅ። አባባ ፋንታሁን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። አባባ ጓንጉል ኮታቸውን ቆለፉ። ሦስቱም በአክብሮት ጎንበስ ብለው በሩን ጠበቁ። ፕኒና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

በሩ ተከፈተ። ፂሙ የሸበተ ትልቅ ጥቁር ውሻ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ ገባ። ያን ሁሉ አክብሮት አይቶ፣ ምንጣፉ ላይ ተዘረጋ። ከኋላው ኤቪያታር ቆሟል።

እማማ ሸዋወርቅ በኤቪያታር ትከሻ ላይ አሻግረው አያቱን ፈለጉ። አባባ ፋንታሁን ግን የብዙ ሠርግና የብዙ ጠብ ሽማግሌ ናቸው፤ ባዩት ነገር ሁሉ አይደናገጡም። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ወጉን ከመካከሉ ሳይሆን ከመጀመሪያው ለመያዝ፣ ወደ ወንድማቸው ዞረው ስለ ልጁ ጠየቁ። "ለመሆኑ ዘሩ ከወዴት ነው?"

ኤቪያታር ቸኩሎ መለሰ። ስለ ውሻው የተጠየቀ መስሎታል። "ድብልቅ ነው፣ አባባ። አባቱ አይታወቅም። እናቱንም ያያት የለም። ከመንገድ ዳር ነው የተነሣው።" ሁሉም ሲያፈጡበት ነገሩ እንዳልጣማቸው ገባውና ጨመረ። "ግን ክትባቱ ሁሉ ሙሉ ነው።"

ፕኒና ሳቋ ከእንባዋ ጋር ገነፈለ። "ስለ ውሻው ነው የሚናገረው፣ አባባ! ስለ ውሻው!"

"እኛ ስለ ውሻ ማን ጠየቀ?" ጮኹ እናቷ። "እኛ የማክሰኞውን ሐቱና ነው የምንጠይቅ!"

"የምን ሐቱና?"

"ደወለች እኮ! ዙግ ተመዝግበዋል አለች፤ ካላ አለች፤ ሐቱና አለች፤ ማክሰኞ አለች፤ ትስማማለች ወይ አለች!"

ፕኒና ቃላቱን አንድ በአንድ በአፏ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ገባት። "ሐቱሊም፣ እማ! ሐቱሊም! ድመት ነው! ካላም አይደለም፣ ክላቪም ነው፤ ውሻ! የውሻና የድመት ኮርስ ነው!"

አባባ ፋንታሁን መጀመሪያ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ሆዳቸው፣ ኋላም ከዘራቸው ሳቀ። እማማ ሸዋወርቅ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው "አቤት ውርደቴ፣ ድመት ልድር ነበር!" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አባባ ጓንጉል ግን አልሳቁም። የቆለፉትን ኮት ቀስ ብለው መፍታት ጀመሩ።

"እንግዲያውስ" አሉ፣ "ልጄን የጠየቀ የለማ።"

ሳቁ ባንድ ጊዜ ጠፋ።

"ሳይጠይቁኝ ብዬ ተቆጥቼ ነበር" አሉ ማንንም ሳያዩ። "ከቁጣው ሥር ግን ደስ ብሎኝ ኖሯል። አሁን ነው ያወቅሁት።"

ፕኒና መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት ደስ ባላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብቃ የያዘችው ጥያቄ በአባቷ አፍ ወጥቶ፣ ከሳሎኑ መካከል ቆሟል። ቀና ብላ ኤቪያታርን ለማየት ፈራች። ስታየው ግን አንገቱን ሰብሮ፣ ጎኑን ሰጥቷቸው፣ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ልክ እሷ ሳባ ፊት እንደምትቀመጠው።

"አባባ" አለ። ወደ አባባ ፋንታሁን ዞረ። "ልቁጠር?"

"ምኑን ነው የምትቆጥረው፣ ልጄ?"

ከኪሱ ያን ሰማያዊ ወረቀት አወጣ። ጀርባው በጽሑፍ የተሞላውን። ያዘው እንጂ አላየበትም። እንደ ልጅ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቀጥ አለ።

"እኔ ኤቪያታር። አባቴ ዘርዑ። የዘርዑ አባት ኤሊያስ። የኤሊያስ አባት ተዘራ። የተዘራ አባት ቢያድግልኝ። የቢያድግልኝ አባት አድማሱ። የአድማሱ አባት ይርዳው።"

"ቆይ!" አሉ አባባ ፋንታሁን። እጃቸውን አነሡ። "ጓንጉል፣ የኛም የቅድመ አያታችን አባት ይርዳው አይደለም?"

አባባ ጓንጉል በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።  ፕኒና ስለዚህ ዘር ቆጠራ ነገር ዕድሜ ልኳን ስትቀልድ ኖራለች። አሁን ግን የአንድ የማታውቀው የሞተ ሰው ስም ቆሞ መንገዷን ዘጋባት።

"የየት አገር ይርዳው ነው፣ ልጄ?" አሉ አዛውንቱ በለሰለሰ ድምፅ።

 ኤቪያታር አሁን ወረቀቱን አየ። ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። "ይርዳው… የወልቃይት። ሸማኔው።"

አባባ ፋንታሁን በረጅሙ ተነፈሱ። "የኛው የደምቢያ ነው። አንጥረኛው ይርዳው። አይገናኙም።" ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። "ቀጥል።"

"የይርዳው አባት ሰንበቱ። የእናቴም ወገን አለ፤ ከዚህ በታች ነው። ልቁጠር?"

"ትቆጥራለህ፤ ቆይ።" አዛውንቱ ወደ እሱ አዘነበሉ። "አንተ እዚህ የተወለድህ ልጅ ነህ። አማርኛው እንኳ ያስቸግርሃል። ይህን አጥና ያለህ ማን ነው?"

"ማንም። ሐሙስ ሐሙስ ንግሥቲ ጋ እየሄድሁ ጻፍሁት።"

ፕኒና ቀና አለች።

"ንግሥቲ አያቴ ናት" አለ፣ አሁን ለእሷ ብቻ። "ሽኩና ሄ ነው ያለች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ሄጄ 'አንዲት ልጅ አለች፣ ምን ልበላት?' አልኋት። 'ምንም አትበላት፣ መጀመሪያ ቁጠር' አለችኝ። ዘመድ ብትሆንስ አለችኝ። እኔም ፈራሁ። ተናግሬ፣ አንቺም እሺ ብለሽ፣ ከዚያ ዘመድ ብንሆን ምን እሆናለሁ? ስለዚህ ቆጥሬ እስክጨርስ… ለሳባ ነው አልሁ።"

ከዚያ ትክክለኛውን ቃል ፈልጎ አጣ። አማርኛው እዚያ ላይ አለቀ። የቀረውን በዓይኑ ተናገረው፤ ፕኒናም እንባዋን ሳትጠርግ ሰማችው።

የንግሥቲን ስም እያነሣች ባቡር ላይ ያፈሰሰችው እንባ ሁሉ ትዝ አላትና አፈረች። እሷ ሴት ስትጠረጥር፣ እሱ ሐሙስ ሐሙስ ያንዲት አሮጊት እግር ሥር ተቀምጦ የሞቱ ሰዎችን ስም ሲያጠና ኖሯል። ሁሉንም ለእሷ ብሎ።

እማማ ሸዋወርቅ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገዋል። አባባ ጓንጉል የፈቱትን ኮት መልሰው ቆለፉት። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"ነገሩ እንዲህ አይሆንም" አሉ። ድምፃቸውን ጠንከር ሊያደርጉት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። "ቤት አለን፣ ወግ አለን። ልጅ ራሱ መጥቶ አይጠይቅም። ሽማግሌ ይላካል።"

ኤቪያታር አንገቱን ደፋ።

አባባ ፋንታሁን ወደ ምንጣፉ አዩ። ሳባ ተጎትቶ ሄዶ አገጩን በአባባ ጓንጉል የበዓል ጫማ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። ዕድሜ ልካቸውን ውሻ ቤታቸው ያላስገቡት ሰው እግራቸውን አላነሡም።

"ሽማግሌውማ መጥቶ የለም?" አሉ አባባ ፋንታሁን። "ፂሙ ሸብቷል። አራተኛ ፎቅ ወጥቷል። ደግሞም ብዙ አይናገርም። እኔ ካየኋቸው ሽማግሌዎች ሁሉ ይሻላል።"

አባባ ጓንጉል ሳቁን በከንፈራቸው ሊይዙት ታገሉ። አመለጣቸው። ጎንበስ ብለው በሁለት ጣት ብቻ፣ እንዳያቃጥላቸው እንደፈሩ ሁሉ፣ የውሻውን ግንባር ነኩ።

"እሺ፣ ይህ የመጀመሪያው ሽማግሌ ይሁን" አሉ። "ሁለተኛው ግን በሁለት እግሩ ይምጣ። ለአባትህ ለዘርዑ ንገረው፤ ቤታችን ጠባብ ነው፣ በሩ ግን ክፍት ነው በለው።"

ኤቪያታር ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ ሲል እጁን ይዘው አነሡት። አላለቀሱም፤ እኔ ግን የማውቀው የጓንጉል ዓይን እንደዚያ አያበራም ነበር።

ያኔ እማማ ሸዋወርቅ ድንገት እጃቸውን አጨበጨቡ። "ያቺ የስልኳ ልጅ! መልስ ስጡኝ ብላለች እኮ። ትስማማለች ወይ ብላ ነው የዘጋችው። ምን ልበላት?"

ሁሉም ወደ ፕኒና ዞሩ።

ፕኒና ከኪሷ ሁለቱን ወረቀቶች አወጣች። አረንጓዴውን አጥፋ ከቆሎው ሳህን ሥር አደረገችው። ሰማያዊውን ያዘች። ከዚያ፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠው እያዩ፣ ያደገችበትን ወግ አፍርሳ፣ ዓይኗን አንሥታ ቀጥ አድርጋ ኤቪያታርን አየችው። ይህን ያህል ጊዜ ያጠራቀመችውን ማየት ሁሉ ባንድ ጊዜ አየችው።

"ትስማማለች በያት፣ እማ።"

ለኮርሱ ይሁን ለሌላው የጠየቃት የለም።